ቢጫ ክር ያለው ሸራ ጫማ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የዶርም ጓደኞቼ ስለመጡበት አገር ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዷ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸውን ስለወሰደበት ክረምት ታወራለች፤ ሌላዋ ከአባቷ ጋር ሦስት ቀን በእግሯ ስለሄደችበት መንገድ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን የሚመጣልኝ አንድ እግር ጫማ ነው። እሱም የእኔ አይደለም፣ የወንድሜ ነው። ትልቅ ነገር አልደረሰም፤ ከአቃቂ በሰቃ ውጭ የሰማውም ሰው የለም። ሆኖም ሌላ ነገር ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ጫማ ትዝ እያለ ስላስቸገረኝ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ።

እናታችን ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሥራዋ በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። የሌሊት ፈረቃ ስትሆን ጠዋት ሰርቪሱ አስፋልት ዳር ያወርዳታል፣ ሻይዋን ትጠጣና ትተኛለች። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ እሷ ስትተኛ ቤቱ በሙሉ ይተኛል። መጋረጃው ይዘጋል፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ እኔና ወንድሜ በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን ያቆመችው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እንቅልፏን መስረቅ ነውር መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የምንሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል።

ማዕከሉ ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ ነበር ይላሉ። አንድ ሰፊ አዳራሽ አለው፤ በመሃሉ መረቡ በሲባጎ የተጠገነ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ። በጎን የንባብ ክፍል፣ በጓሮ ሁለት ሻወርና አንድ ትልቅ የውሃ ታንከር። በሩ ላይ «የወጣቶች መረዳጃና መዝናኛ» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ልጅ ሳለሁ መዝናኛ የሚባለው ፒንግ ፖንጉ፣ መረዳጃ የሚባለው ደግሞ ቅዳሜ ቀን ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ይመጣሉ፤ ልጆቹ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ጸጉራቸውን ያስተካክላሉ፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ።

ይህን ሁሉ የሚመሩት የፋብሪካ ጡረተኛ የሆኑ አንድ እናት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ አላቸው፤ ከኋላቸው ባለሁለት ደረጃ የእንጨት መደርደሪያ። መጽሐፍ ወይም ራኬት የሚፈልግ ሰው አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ያስይዛል። ለመጽሐፍ የተያዘ ጫማ ከላይ ይቀመጣል፣ ለራኬት የተያዘ ከታች። መታወቂያ አይቀበሉም። «መታወቂያውን ትቶ በመጽሐፌ የሄደ ስንቱን አውቃለሁ» ይላሉ፤ «በአንድ እግር ጫማ ቤቱ የሄደ ግን እስካሁን አላየሁም።»

እንግዳ ሰው ድንገት ቢገባ መደንገጡ አይቀርም። አሥራ አምስት ልጅ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጎ አዳራሹ ውስጥ ይሯሯጣል። የተቀደደ ካልሲ ምስጢር መሆኑ ስለቀረ የሰፈራችን እናቶች ካልሲ መስፋት የጀመሩት በእትዬ ምክንያት ነው ይባላል።

መዝገባቸውም የተለየ ነበር። የሰው ስም አይጽፉም። «ጥቁር ቆዳ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ራኬት» ወይም «ሮዝ ሰንደል፣ ባዮሎጂ አሥራ አንደኛ» ብለው ነው የሚጽፉት። እኔ ይህን ከእርጅና እቆጥረው ነበር። ስማችንን መያዝ ከብዷቸው ነው እል ነበር።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ጊዜ ወስዶ ሁለቱንም ጊዜ አላለፈም። ከሁለተኛው በኋላ ደብተሮቹን ሰብስቦ አልጋ ስር ከተተና «ከእንግዲህ መጽሐፍ አልነካም» አለ። እናታችን አላስገደደችውም። «እሺ» ብቻ አለችው። ከዚያ በኋላ የቀን ሥራ ሲያገኝ ይሠራል፣ ሲያጣ ማዕከሉ ውስጥ ፒንግ ፖንግ ይጫወታል። በጣም ጎበዝ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ጸጉር አስተካካይ አልነበረም። አንድ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ከእሱ በቀር ማንንም አያስነኩም። ሽማግሌው ስለሚረሱ በየሳምንቱ ያንኑ ይጠይቁታል።

«ተማሪ ነህ ልጄ?»

«ነበርኩ፣ አባባ» ይላቸዋል።

«አይዞህ» ይሉታል፤ በሳምንቱ ረስተው እንደገና ይጠይቃሉ። አጠገባቸው ልብስ እያጠብኩ ይህን በሰማሁ ቁጥር ወደ ውሃው አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ።

በዚያ ዓመት እናታችን አለቃዋን ለምና ለወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ የካርቶን ማሸጊያ ሥራ አግኝታለት ነበር። ሥራው መጥፎ አይደለም። ግን ስትነግረው ፊቷን አይቻለሁ፤ እንዲቀበላትም እንዳይቀበላትም የምትፈልግ ትመስል ነበር። እሱም «ላስብበት» አላት።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቴ ጠዋት ጠዋት ስለሆነ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የእትዬን ጠረጴዛ እጠብቅ ነበር፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ለመታየት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ነገሮችን በሥርዓት መያዝ እወዳለሁ። እሳቸው «የኔ ጸሐፊ» ሲሉኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል። አንድ ሐሙስ ጫማዎቹን እያስተካከልኩ ሳለ የወንድሜን ጫማ አየሁት። ጥቁር ሸራ ነው፤ ጎኑ ሲቀደድ እናታችን ከሥራ ባመጣችው ቢጫ ክር ሰፍታለታለች፤ በአቃቂ በሙሉ ሌላ እንደሱ ያለ ጫማ የለም። ሁልጊዜ የማውቀው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። በዚያ ቀን ግን ከላይኛው ላይ ነበር፤ እትዬ ከመሄዳቸው በፊት አስይዞት መሆን አለበት።

መዝገቡን ገለጥኩ። «ጥቁር ሸራ፣ ቢጫ ክር፣ ሒሳብ አሥራ ሁለተኛ» ይላል። ገጹን ወደ ኋላ መለስኩ። ያው። አሁንም መለስኩ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ሁሉም እኔ በማልኖርባቸው ቀናት።

ተነስቼ በጓሮ በኩል ሄድኩ። ወንድሜ ታንከሩ ጥላ ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ካልሲ ብቻ ያለበት እግሩን በሌላኛው ላይ ደርቦ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ጓደኞቹን «ሻወር ልወስድ ነው» እያለ ነበር ለካ የሚጠፋው። «ከአቃቂ ንጹሑ ሰው» እያሉ ሲቀልዱበት ሰምቼ ነበር። ሳያየኝ ተመለስኩ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ያጠፋሁት ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን የማዕከሉ ኮሚቴ አዲስ ሐሳብ አመጣ። በወር ውስጥ ብዙ ያነበቡ ልጆች ስም በሩ ላይ ይለጠፍና ሌላው ይበረታታ አሉ። ችግሩ የእትዬ መዝገብ ስም የለውም። «አንቺ ጫማውን ሁሉ ታውቂያለሽ» አሉኝ፤ እውነት ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ከሰዓት ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ጫማ በስም ተረጎምኩት። በገዥ መስመር አሰመርኩ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩ። ወንድሜ ሁለተኛ ወጣ። ስሙን ከነአባቱ፣ ያነበበውንም መጽሐፍ ጨምሬ በትልቁ ጻፍኩት። እናታችን ስታልፍ ታየዋለች ብዬ አሰብኩ። እትዬን መጠየቅ አልታሰበኝም።

ሰኞ ከሰዓት ተለጠፈ። ወንድሜ ራኬት ይዞ ሊጫወት ቆሞ ሳለ ከጓደኞቹ አንዱ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ገባ።

«ኧረ ፕሮፌሰር! ፕሮፌሰር እዚህ ናቸው!»

«ማነው ፕሮፌሰሩ?» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

«አንተ ነሃ ጀለስ! በር ላይ ተለጥፈሃል። ለካ ሻወር ቤት ሳሙናው ሒሳብ ነው!»

ሁሉም ሳቀ። ሌላው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ኳሷን እያነጠረ «ሦስተኛ ዙር ነው እንዴ? አቦ አትድከም፣ ፈተናው ራሱ አዘነልህ» አለ።

ክፋት አልነበረበትም፤ እዚያ ሰፈር ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንተራረበው። ወንድሜ ግን ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። የእጅ ጽሕፈቴን ያውቀዋል። ጫማውን ከመደርደሪያው ላይ ራሱ አንስቶ፣ ማሰሪያውን ሳያስር አጥልቆት ወጣ። እኔን አላየኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ማታ እናታችን ለሌሊት ፈረቃዋ ስትዘጋጅ «እማዬ፣ ያልሽውን ሥራ ከሚቀጥለው ሰኞ እጀምራለሁ» አላት።

የምሳ ዕቃዋን ክዳን እየገጠመች ነበር። «ደግ» አለች። ክዳኑ አልገጥም ብሏት ሦስት ጊዜ ሞከረችው።

በኋላ ኮቱን ሳነሳ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። በግል ለሚፈተኑ ሰዎች የተሰጠ የምዝገባ ቅጽ ነው። ተሞልቷል፤ ፊርማ ብቻ ይቀረዋል። ምዝገባው የሚዘጋው አርብ ነበር። መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ የእኔ ተራ ቢሆንም ወደ ማዕከሉ መሄድ ፈራሁ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ ሄድኩ። እትዬ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አንስተው ጠረጴዛቸው ላይ አጥፈው አስቀምጠውታል። ገና ሳልቀመጥ ማልቀስ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታንከሩን፣ ቅጹን፣ ሰኞን።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ «መዝገቤ ስም የሌለው ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

እርጅና ነው ብዬ አስብ ነበር ለማለት አፈርኩ።

«እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው» አሉ። «እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ የመሠረተ ትምህርት ጊዜ። እዚያ ጥግ፣ ከኋላ ነበር የምቀመጠው፤ ማን እንደሆንኩ እንዳይታወቅ እስከ ዓይኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ። አስተማሪው ልጅ እግር ነው፣ ያውቀኛል፣ ግን አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ‹እዚያ ከኋላ ያሉት› ነው የሚለኝ። ያን ጊዜ በስሜ ጠርቶኝ ቢሆን በማግስቱ አልመለስም ነበር። ሰው ሲጀምር መሸፈን ይፈልጋል የኔ ልጅ። የሚገለጠው ሲፈልግ ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሄደሽ ይቅርታ ብትዪው ምን ይልሻል?»

«‹ምንም አይደል› ይለኛል።»

«አየሽ፣ በሩን ዘጋብሽ ማለት ነው።»

ጎንበስ ብዬ የግራ ጫማዬን ፈታሁና ጠረጴዛቸው ላይ አደረግኩት። ነጭ ስኒከር ነው፤ ለትምህርት ቤት ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ በነጠላ ጫማ ደግሞ ግቢ አያስገቡንም።

«ሒሳብ አሥራ ሁለተኛ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«እዚህ ቁጭ ብለሽ ነው የምታነቢው?»

«አይደለም።»

አዩኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፤ የበልግ ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። መዝገቡን ገለጡና «ነጭ ስኒከር፣ ግራ፣ ሒሳብ አሥራ ሁለተኛ» ብለው ጻፉ። ጫማዬን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ።

ከማዕከሉ እስከ ቤታችን ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ጫማ ሲሄዱት ግን ይረዝማል። ጭቃው ካልሲዬን ከሁለተኛው እርምጃ ጀምሮ ያዘው። ጉሊት የምትሸጥ ሴት «ውይ ልጄን፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገቤ እየነዳ «እህቴ፣ ያኛው በሚቀጥለው ባጃጅ ይመጣል እንዴ?» አለ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤት ስደርስ መጋረጃው ተዘግቷል፣ እናታችን ተኝታለች። ወንድሜ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ቀና ብሎ እግሬን አየ።

«ጫማሽስ?» አለ በሹክሹክታ።

«አስይዤዋለሁ።»

«በምን?»

ፌስታሉን ፈትቼ መጽሐፉን አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«ነገ ምን አድርገሽ ልትሄጂ ነው?»

«እንጃ። መጽሐፉ ካልተመለሰ አይሰጡኝም።»

«እና መልሺዋ!»

«የምመልሰው እኔ አይደለሁም።»

ተነሳ። የሚመታኝ ሁሉ መስሎኝ ነበር፤ መትቶኝ ባያውቅም። ሳፋውንና ጆጉን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ ጭቃ የሆነውን ካልሲ ከእግሬ ላይ ገፈፈው። «አንቺ ልጅ ጤነኛ አይደለሽም» አለ። ውሃውን ግን ቀስ አድርጎ ነበር የሚያፈሰው። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል፤ እግሬን ሳብ አደረግኩ።

«ይቅርታ» አልኩት።

«ዝም በይ፣ ትቀሰቅሻታለሽ።»

በዚህ ጊዜ ከአልጋው በኩል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች፣ የእናታችን ድምፅ መጣ። «ፔርሙሱ ውስጥ ሙቅ ውሃ አለ። ቀላቅልላት።»

ሁለታችንም ደረቅን። ከመቼ ጀምራ እንደምትሰማን እስከ ዛሬ አልጠየቅናትም። ወንድሜ ፔርሙሱን አንስቶ ቀላቀለልኝ።

በማግስቱ ስነሳ መጽሐፉም እሱም የሉም። ዩኒፎርሜን ለብሼ በአንድ ጫማ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤት ደወል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በሩ ተከፈተ። በአንድ እጁ ነጭ ስኒከሬን ይዟል። መጽሐፉ ብብቱ ስር ነው። ቁልቁል እግሩን አየሁ፤ በቀኙ ጥቁር ሸራ፣ በግራው ካልሲ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ።

«ምን ታያለሽ? ይረፍድብሻል፣ አድርጊ» አለኝ።

በአንድ እግር ጫማ ቤቱ የሄደ ሁለተኛው የአቃቂ ሰው እሱ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት ጠረጴዛውን ልጠብቅ ስሄድ በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የእኔው ወረቀት ነው፣ ተገልብጦ፤ በጀርባው በእትዬ ትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። «በዚህ ወር ብዙ ያነበቡ፦ ሮዝ ሰንደል። ጥቁር ሸራ፣ ቢጫ ክር። ቡናማ ቆዳ፣ ተረከዙ የተበላ። ሰማያዊ ስኒከር፣ የልጅ።» ልጆቹ ተሰብስበው ያነባሉ፤ እያነበቡ አንዱ የሌላውን እግር ያያል። ሰኞ ዕለት «ሦስተኛ ዙር» ያለው ልጅ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ በሩን አያይም፤ ራኬቱን እያሻሸ ነው። ወንድሜ ገባ።

«ቢጫ ክር» አለው ልጁ፤ «ሰርቩ ያንተ ነው።»

«ቆይቼ» አለ ወንድሜ፤ «ሻወር ልወስድ ነው።» መጽሐፉን ከብብቱ አውጥቶ በግልጽ እየያዘ በጓሮ በር ወጣ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው፤ ይህ ግን ሌላ ሳቅ ነበር።

አርብ ቅጹን ፈርሞ አስገባ። ለእናታችን አልነገራትም፤ ሥራውን ግን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲያቆዩለት እንድትለምንለት ጠየቃት። «እለምናለሁ» አለች፤ በዚያ ጠዋት ከሥራ መጥታ ሳትተኛ ብዙ ቆየች። ቅዳሜ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ጠየቁት።

«ተማሪ ነህ ልጄ?»

መቀሱ ትንሽ ቆመ። «እየሞከርኩ ነው፣ አባባ።»

«አይዞህ» አሉት፤ እንደ ሁልጊዜው።

መጨረሻው እንደ ተረት አላማረም። የንባብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም፤ እስከ መጨረሻው ቦታው ታንከሩ ጥላ ስር ነበር። ፈተናውንም በቀጥታ አላለፈም፤ ሪሚዲያል ነው የደረሰው፣ ከእኔ ሩቅ በሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ሲደውልልኝ ስለ ሒሳብ ያማርራል። ደስ ይለኛል፤ የሚያማርርበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

እኔ ግን የማስበው ስለ ውጤቱ አይደለም። ለፈተና ልንሄድ ስንል ሁለታችንም የያዝናቸውን መጻሕፍት ለመመለስ፣ በአንድ በአንድ እግር ጫማ፣ አብረን ወደ ማዕከሉ ሄድን። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ከመዝገቡ ላይ መስመሩን በጣታቸው ፈለጉ፣ ሰረዙትና ከጎኑ «ተመልሷል» ብለው ጻፉ። ከዚያ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተነስተው፣ እጃቸውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ዘርግተው ጫማውን አወረዱ። ለወንድሜ ሲሰጡት ቢጫውን ክር በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት፤ «የማን እጅ ነው፣ ጠንካራ ስፌት ነው» አሉ። «የእናታችን» አልናቸው እኩል። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አጠለቀው፤ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ነበር።